የፈረቃ ውሃ ባለበት ቤት ቧንቧ እንዳያፈስ

ሥራዬ ቧንቧ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የምሠራው። ብዙ ጊዜ የምጠራው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ግድግዳው ሻግቷል፣ የታች ቤት ጎረቤት ኮርኒስ ቢጫ አውጥቷል፣ ወይም የወሩ የውሃ ሒሳብ ዘሎ የቤቱን ሰው አስደንግጧል። ያኔ ሴራሚክ መስበር አለ፣ ግድግዳ መቦርቦር አለ፣ ከጎረቤት ጋር መኳረፍም አለ። አብዛኛው ቀድሞ መቅረት የሚችል ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ በችኮላ ለደንበኞቼ የምነግራቸውን ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እኛ ከተማ ውስጥ ውሃ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል። ሲመጣ ያንን አየር ፊት ለፊት እየገፋ ነው የሚመጣው። ቧንቧ ስትከፍቱ መጀመሪያ «ፍስስስ» ይላል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ውሃው ይደርሳል። አየሩ በፍጥነት ወጥቶ ውሃው በድንገት ሲቆም መስመሩን ይመታዋል። አንዳንድ ቤት ግድግዳው ውስጥ «ዷ» የሚል ድምፅ የሚሰማው ለዚህ ነው። ሌሊት ደግሞ ሰው ሁሉ ተኝቶ ማንም ስለማይጠቀም ግፊቱ ከፍ ይላል። በየፈረቃው እንዲህ የሚመታ ቧንቧ የሚያፈሰው መሀሉ ላይ አይደለም። መገጣጠሚያው ላይ ነው። ኤልቦው (መታጠፊያው)፣ ቲው (መገንጠያው)፣ ቫልቩ፣ ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊው አጭር ቱቦ) የተያያዘበት ቦታ ይለቃል። ስለዚህ ስለ ቧንቧ ስታስቡ ስለ መገጣጠሚያ አስቡ።

ሌላም አለ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ወደ ውስጥ ይስባል። ከመሬት በታች የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ፣ ውሃ ሲኖር ወደ ውጭ የሚለቀው ያው ቀዳዳ፣ ውሃ ሲጠፋ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ቧንቧው በፍሳሽ መስመር አጠገብ ካለፈ ምን ሊገባ እንደሚችል አስቡት። ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤት ትንሽ ናት ብሎ ቀዳዳ አይተው።

መዝጊያችሁን እወቁ

ቤታችሁ ውስጥ ውሃ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው። አንዱ ከቆጣሪው ነው፣ ሌላው ከሮቶው። ቧንቧ ፈንድቶ ሰዎች ሮጠው የቆጣሪውን ቫልቭ ይዘጋሉ። ውሃው ግን አይቆምም። ሮቶው ነው እየተራገፈ ያለው። አንድ ሺህ ሊትር ሳሎን ውስጥ ሲፈስ ያየ ሰው አይረሳውም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሦስት ነገር ፈልጉ። የቆጣሪው ቫልቭ የት ነው? የሮቶው መውጫ ቫልቭ የት ነው? ፓምፕ ካለ ሶኬቱ ወይም ብሬከሩ የት ነው? ካገኛችሁ በኋላ ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳዩ። ለሠራተኛዋም፣ ለተከራዩም፣ ቤት ለሚውሉት ልጆችም። ችግሩ የሚፈጠረው አባወራው ቤት ባለበት ሰዓት ብቻ አይደለም።

ቫልቩ ለዓመታት ሳይነካ ከቆየ ይደርቃል፣ ዝገትና ቅርፊት ይይዘዋል። በጭንቅ ሰዓት ልትዘጉት ስትሉ እጀታው እጃችሁ ላይ ይቀራል። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ዝጉትና መልሳችሁ ክፈቱት። በቃ፣ ይሄ ብቻ ይበቃዋል። ሲጠብቅ በመፍቻ አታስገድዱት። የማይዞር ቫልቭ መቀየር ያለበት ቫልቭ ነው።

ለበዓል ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ሁለቱንም ዝጉ። አንድ ልማድም አለ፣ ብዙ ቤት ያጥለቀለቀ። ሰው ቧንቧ ይከፍታል፣ ውሃ የለም፣ ሳይዘጋው ይሄዳል። ውሃው ሌሊት ይመጣል። ማጠቢያው ውስጥ ሰሃን ወይም ጨርቅ ካለ ፍሳሹን ይደፍነዋል፣ ወለሉ ይሞላል። «ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ይዘጋ» የሚለው የቤት ሕግ ይሁን።

ያፈሳል ወይስ አያፈስም?

ማወቂያው ቆጣሪው ነው። ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው። አንድ ሜትር ኪዩብ 1000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። አብዛኛው ቆጣሪ ላይ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የመሰለች ትንሽ ዘዋሪ አለች። በጣም ትንሽ ውሃ ሲያልፍ እንኳ እሷ ትንቀሳቀሳለች።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ውሃ በመጣበት ቀን፣ ከመጣ ቆየት ብሎ፣ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። ውሃው ገና ሲመጣ አትሞክሩት፣ አየሩም ቆጣሪ ያዞራል። ወደ ሮቶው የሚገባውንም ዝጉ፣ አለዚያ ሮቶው እየሞላ ያታልላችኋል። ከዚያ ዘዋሪዋን እዩ። ከቆመች ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው መስመር ደህና ነው። ቀስ እያለችም ቢሆን ከዞረች የሆነ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው።

ቀጥሎ የሮቶው ወገን ነው። ወደ ሮቶው የሚገባውን እንደዘጋችሁ፣ ማታ ሁሉም ሲተኛ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ከአፉ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ጠዋት ማንም ሳይጠቀም መልሳችሁ ለኩ። ዝቅ ካለ ውሃው የት ሄደ? ወርዱ 1.1 ሜትር የሆነ ሮቶ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት 9.5 ሊትር ገደማ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ከወረደ በአንድ ሌሊት ከአንድ ጄሪካን በላይ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ ወንጀለኛውን ፍለጋ ትገባላችሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው ሽንት ቤቱን ነው። የፍላሹ ታንከር ውስጥ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ቀይ ሥር ቀቅላችሁ ውሃውን ታንከሩ ውስጥ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ፍላሽ አያድርግ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው ይቀየር። ርካሽ ዕቃ ነው፣ የሚያባክነው ውሃ ግን ብዙ ነው።

ፓምፕ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ጆሯችሁን ስጡት። አውቶማቲክ ፓምፕ ቧንቧ ሲከፈት ይነሣል፣ ሲዘጋ ያርፋል። ማንም ሳይከፍት ቆየት እያለ የሚነሣ ከሆነ መስመሩ ግፊት እየለቀቀ ነው። ቃሊቲ አካባቢ አንዲት እናት «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ይነሣብኛል፣ ፓምፑ ተበላሽቶ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ያሳዩኝ» አልኳቸው። የፍላሹ ጎማ ነበር። ፓምፕ ሊቀይሩ ገንዘብ አዘጋጅተው ነበር የጠበቁኝ።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧን ንቃችሁ አትተዉት። ሥሩ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 12 ሊትር፣ በወር 360 ሊትር ነው። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም ከፍ ስለሚል ጠብታዋ ሁለት ጊዜ ታስከፍላለች።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን፣ መንገድ ላይም የሚያፈሰውን፣ በአቅራቢያችሁ ላለው የውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ አሳውቁ። ራሳችሁ ቆፍራችሁ አትንኩት።

ሮቶ

አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። ይሄ ክብደት ተስተካክሎ የሚቀመጥበት ወለል ይፈልጋል። በሁለት ብረት ላይ ተንጠልጥሎ የተቀመጠ ሮቶ ታቹ ይጎብጣል፣ መውጫው አፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ይጣመማል፣ ከዚያ ማዣት ይጀምራል። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋና ጠንካራ ይሁን። ድንጋይና አሸዋ አይኑርበት።

ከሮቶው የሚወጣው ቱቦ በሮቶው አፍ ላይ አይንጠልጠል። ግድግዳው ላይ በራሱ መያዣ ይታሰር። ሮቶ ሲሞላና ሲጎድል ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ቱቦው ድርቅ ብሎ ከተያያዘ ያ እንቅስቃሴ ሁሉ የሚያርፈው መገጣጠሚያው ላይ ነው። እዚያ ቦታ አጭር ፍሌክሲብል ወይም ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም ማያያዣ) ማስገባት ብዙ ችግር ያስቀራል። ዩኒየን ካለ ደግሞ ሮቶውን ለማጠብ ስታወርዱ ቱቦ መቁረጥ አያስፈልግም።

ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ያረጃል። ውሃ ይገባበትና ይከብዳል፣ ወይም የሚዘጋው ጎማ ይበላል። ያኔ ሮቶው ከሞላ በኋላም ውሃው ይቀጥላል። ስለዚህ የትርፍ ውሃ መውጫው ሰው በሚያየው ቦታ ይውረድ። ጣሪያ ላይ ተደብቆ የሚፈስ ከሆነ ማንም ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ። በረንዳ ፊት ለፊት ወይም በር አጠገብ አውርዱት። ሲንጠባጠብ ስታዩ ኳሱ እንደደከመ ትረዳላችሁ።

ስለ ግፊትም ትንሽ ልበል። ሮቶው ከቧንቧው 10 ሜትር ከፍ ሲል ግፊቱ 1 ባር ገደማ ነው። ብዙ አይደለም፣ ለቧንቧው ጤና ጥሩ ነው። ፓምፕ ስታስገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እዩ። ከፍተኛው ከፍታ 40 ሜትር ካለ እስከ 4 ባር ይገፋል። በሮቶ ግፊት ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ አሮጌ መስመር ላይ በአንድ ቀን ይሄን ስትጭኑበት ደካማው መገጣጠሚያ ይለያል። ፓምፕ ከማስገባታችሁ በፊት ፍሌክሲብሎቹንና አሮጌዎቹን ቫልቮች ቀይሩ። የሻጩን «ትልቁን ውሰድ» የሚለውን ምክር ሁልጊዜ አትስሙ። ለአንድ ቤተሰብ ሻወር ትንሹ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቦይለር

እዚህ ላይ በጣም እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ አለች። አብዛኛዎቹ ላይ 8 ባር የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ቦይለሩ ሲሞቅ አንዳንዴ ከሷ ጠብ ጠብ ይላል። ሰው ይሄን ያይና «ያፈሳል» ብሎ በቡሽ ይደፍናታል። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይም ይደፍናል። እባካችሁ እንዳታደርጉት።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ በመቶ አንድ ተኩል ያህል ይጨምራል። ባለ 80 ሊትር ቦይለር ውስጥ ይሄ 1.2 ሊትር ገደማ ነው። ይሄ ትርፍ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ቫልቯ ከተደፈነች ግፊቱ ታንከሩ ላይ፣ መገጣጠሚያው ላይ፣ ሻወሩ ላይ ይወጣል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የተበላሸ ቀን ደግሞ ቦይለሩ ራሱ ይፈነዳል። ሰው ሊሞት ይችላል። ከቫልቯ አፍ ቀጭን ላስቲክ አያይዛችሁ ወደ ፍሳሹ አውርዱት፣ ጫፉ ክፍት ይሁን። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም ሳታቋርጥ የምታንጠባጥብ ከሆነ ወይ ቆሽሻለች ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ያኔ ትቀየር፣ ግፊቱም ይታይ።

ሙቀቱን 60 ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ሲሆን ቅርፊት በቶሎ ይይዛል፣ ጎማዎቹም ያረጃሉ። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ ሰዎች ማሰሮ ላይ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ቦይለሩ ውስጥም አለ። ውስጡ ያለችውን የማግኒዥየም ዘንግ በየሁለት ዓመቱ አስከፍታችሁ አስዩ። እሷ ተበልታ ካለቀች ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል።

ፍሌክሲብልና በረኪና

ከላቫንዲኖ ሥር፣ ከሽንት ቤት ጎን፣ ከቦይለር ሥር ያሉት የተጠለፉ ፍሌክሲብሎች ውስጣቸው ጎማ ነው። የብረት ጥልፉ ሲበጠስ ጎማው ያብጣል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ቀድሞ ማንጠባጠብ ብዙ ጊዜ የለውም። ለዚህ ነው ከሁሉ አብልጬ የምፈራው። በእጃችሁ ዳብሱት። የተበጠሰ ሽቦ የሚወጋችሁ ከሆነ፣ ብሎኑ አጠገብ ቡናማ ዝገት ካለ፣ ወይም የሆነ ቦታ ካበጠ ዛሬውኑ ቀይሩት። ደህና ቢመስልም ከአምስት እስከ አስር ዓመት ውስጥ ይቀየር።

በረኪና ከሲንክ ሥር የማስቀመጥ ልማድ አለን። የክሎሪኑ ትነት ጥልፉን ይበላዋል። አይዝግም የተባለውንም ጭምር። ክዳኑ ላላ ያለ የበረኪና ጠርሙስ ባለበት ሳጥን ውስጥ ፍሌክሲብሉ ጠቁሮና ተልጦ አገኘዋለሁ። በረኪናውን ሌላ ቦታ አድርጉት።

ስትገጥሙት በእጅ እስኪቆም አዙሩ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ጨምሩ። የሚያሽገው ጎማው ነው፣ ጉልበት አይደለም። ጎማ ባለበት ቦታ ቴፍሎን አያስፈልግም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ፣ አጥባችሁ ስትጨርሱ ቧንቧውን ዝጉት።

አዲስ ስታሠሩ ወይም ስታድሱ

ቧንቧን ርካሽ በሆነ ዋጋ ማስተካከል የሚቻልበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግድግዳው ሳይለሰን፣ ሴራሚኩ ሳይለጠፍ። ስለዚህ ግንበኛው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ዕቃው። ፒፒአር (እየቀለጠ የሚበየደው የፕላስቲክ ቱቦ) ላይ ፒኤን 10፣ ፒኤን 16 ወይም ፒኤን 20 ተብሎ ተጽፏል፣ የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው። ለሙቅ ውሃ ፒኤን 20 ግዙ። ጽሑፉን ብቻ አትመኑ፣ ጫፉን ለኩ። የ20 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ፒኤን 20 ከሆነ የገላው ውፍረት 3.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ፒኤን 10 ከሆነ 1.9 ነው። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቱቦና መገጣጠሚያው ከአንድ አምራች ቢሆን እመርጣለሁ።

ቱቦውን የሚያቀልጠው ማሽን 260 ዲግሪ ላይ መድረስ አለበት። 20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሰከንድ ይሞቃል፣ 25ቱ 7 ሰከንድ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ አይጠመዘዝም፣ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ አይነካም። መብራት ሲዋዥቅ ማሽኑ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም። የማሽኑን መብራት እያየ የማይጠብቅ ሠራተኛ ግማሽ የበሰለ ብየዳ ይሠራል። ያ ብየዳ ለጊዜው ይይዛል፣ ፓምፕ ሲገባ ይለቃል። ብዙ ከሞቀ ደግሞ ቀልጦ ውስጡን ያጠብበዋል። አጠገቡ ቁሙ። ቀጥ ብሎ ያልተቆረጠ ወይም ቆሻሻ፣ አቧራና ውሃ ያለበት ጫፍ እንዳይበየድ እዩ።

ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት ፒፒአር ይረዝማል። አራት ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። በሁለቱም ጫፍ ተጣብቆ ከታሰረ ኤልቦውን ይገፋዋል። መያዣዎቹ ቱቦውን ይደግፉት እንጂ አያንቁት። ውጭ ግድግዳ ላይ የሚያልፈውን ደግሞ ከፀሐይ ሸፍኑት። የኛ ፀሐይ ብርቱ ናት፣ ፒፒአርን ታደርቀዋለች፣ በኋላ በትንሽ ምት ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ የግፊት ፍተሻ። ይሄን ሳታዩ ለቧንቧ ሠራተኛ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ፣ እኔንም ቢሆን። መስመሩ በውሃ ይሞላል፣ አየሩ ይወጣል፣ ጫፎቹ ይደፈናሉ። በእጅ በሚሠራ የመሞከሪያ ፓምፕ ግፊቱ ወደ 10 ባር ይደርሳል። መጀመሪያ ቱቦው ራሱ ስለሚለጠጥ መርፌዋ ትንሽ ትወርዳለች። መልሶ ይሞላል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ትቁም። እየወረደች ከቀጠለች መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ሶፍት እየነካችሁ ፈልጉ። «ነገ ውሃ ሲመጣ እናየዋለን» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ሁሉም ካለፈ በኋላ ፎቶ አንሡ። ግድግዳ በግድግዳ፣ ሜትር ዘርግታችሁ ከወለልና ከማዕዘን ያለው ርቀት እንዲታይ። ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፣ ለቤተሰብም ላኩት። መስታወት፣ መጋረጃ፣ ቴሌቪዥን ለመስቀል በድሪል የተበሳ ቧንቧ ስንቱን ጠርቶኛል መሰላችሁ።

መረሬ አፈር ላይ ለሠሩ

ቦሌና አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ግቢ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ግትር የብረት ቧንቧ እዚያ ክሩ ላይ ይበጠሳል። ጥቁሩ ጥቅል ቱቦ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ይሻላል። ቦዩን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ሥሩም ላዩም አሸዋ ይኑር፣ ድንጋይ አይንካው። ቱቦውን ወጥራችሁ አትቅበሩት፣ ትንሽ እየተጠማዘዘ ይሂድ። የቤቱን መሠረት አልፎ በሚገባበት ቦታ ሰፋ ባለ ሌላ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ ቤቱና አፈሩ ለየብቻ ሲንቀሳቀሱ እንዳይቆርጡት። በጋ ላይ ግቢው ደርቆ ሳለ አንድ ቦታ ሣሩ ለምልሞ ካያችሁ እዚያ ሥር ፈልጉ።

ኮንዶሚኒየም

የታች ቤት ኮርኒስ ሲረጥብ ጠቡ ይጀምራል። ከመጣላታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። እርጥበቱ ሁልጊዜ አለ ወይስ ላይ ሰው ሲታጠብ ብቻ ነው የሚመጣው? ሁልጊዜ ካለ የንጹሕ ውሃ መስመር ነው፣ ቆጣሪውም ይመሰክራል። ሻወር ሲወሰድ ብቻ ከሆነ ፍሳሹ ወይም የወለሉ የሴራሚክ ስንጥቅ ነው። ይሄን ሳይለዩ ግድግዳ መስበር ገንዘብ መጣል ነው።

ለመለየት፣ የወለሉን ፍሳሽ በጨርቅ ደፍኑና ወለሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አቁሙ። ለሁለት ሰዓት ጠብቁ። ታች ከረጠበ ወለሉ ነው። ካልረጠበ ጨርቁን አንሡና ውሃውን በአንድ ጊዜ ልቀቁት። ያኔ ከረጠበ የፍሳሽ ቱቦው ነው። የታችኛው ጎረቤት አብሮ ይይ። እኔ ሁለቱንም ወገን ጠርቼ ነው የምሠራው፣ አብረው ያዩት ነገር ላይ አይጣሉም።

የብረት ቧንቧ ያለባቸው አሮጌ ቤቶች

ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቀላ ካለ፣ ግፊቱም ከዓመት ዓመት ከቀነሰ፣ ቧንቧው ከውስጥ ዝጎ እየጠበበ ነው። አንድ ቦታ ስትጠግኑ አጠገቡ ያለው ክር ይነቃነቅና እሱ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን በየወሩ ከመለጠፍ በክፍል በክፍል መቀየር ይሻላል። ዘንድሮ መታጠቢያ ቤቱን፣ ለከርሞ ወጥ ቤቱን። አዲሱን መስመር በግድግዳው ላይ፣ በሚታይ ቦታ ቢያልፍ አትፈሩ። መልክ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን ሲያፈስ ታዩታላችሁ።

ከሆነም ሆነ

ቧንቧ ፈነዳ እንበል። ቆጣሪውን ዝጉ፣ የሮቶውን መውጫ ዝጉ፣ ፓምፑን ንቀሉ፣ የቦይለሩን ብሬከር አውርዱ። ውሃ ሶኬት ከደረሰ መጀመሪያ ዋናውን ማብሪያ አጥፉ፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ ግን አትንኩት። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ ክፈቱ፣ መስመሩ ውስጥ የቀረው በሱ ይውጣ።

ባለሙያ እስኪመጣ ከአሮጌ ከመነዳሪ ረዘም ያለ ቁራጭ ቁረጡ። ቀዳዳው ላይ ወጠር አድርጋችሁ ደራርባችሁ ጠምጥሙት፣ በሽቦ እሰሩት። ለሮቶ ግፊት አንድ ቀን ይይዛል። ለፓምፕ ግን አይበቃም፣ ፓምፑ ጠፍቶ ይቆይ።

ተጠግኖ ሲያልቅ ቫልቩን በአንድ ጊዜ አትበርግዱት። መጀመሪያ አንድ ቧንቧ ክፍት ይሁን። ቫልቩን ትንሽ ብቻ ክፈቱ፣ አየሩ እየተፋ ይውጣ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ መፍሰስ ሲጀምር ቀሪውን ጨምሩ። ከዚያ የተጠገነውን ቦታ በደረቅ ሶፍት ንኩት፣ ማታም ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድገሙት።